የቪአር መነጽር ተገዝቶ ለምን ይቀመጣል?

ኩዌስት 2 የተባለው የሜታ (የፌስቡክ ባለቤት) የቪአር (ቨርቹዋል ሪያሊቲ) መነጽር እና የሶኒ ፕሌይስቴሽን 5 ገበያ የወጡት በአንድ ወር ልዩነት ነው፤ አንዱ በኦክቶበር፣ ሌላው በኖቬምበር 2020 (እዚህ የምንጠቅሳቸው ቀኖች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ኩዌስት 2 ሲወጣ 299 ዶላር ነበር። ዲስክ ከማይወስደው ርካሹ ፕሌይስቴሽን እንኳ በ100 ዶላር ያንስ ነበር፣ ቴሌቪዥንም አይፈልግም። በጁላይ 2023 ሶኒ ፕሌይስቴሽን 5 ሽያጩ 40 ሚሊዮን መድረሱን አስታወቀ። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ከሜታ የውስጥ ገለጻ ሾልኮ በወጣው ቁጥር መሠረት ደግሞ የኩዌስት ሞዴሎች ሁሉ፣ የ2019ኙን የመጀመሪያውን ጨምሮ፣ ተደምረው 20 ሚሊዮን ገደማ ነበሩ።

20 ሚሊዮን ትንሽ አይደለም። ለአዲስ ዓይነት ዕቃ እንዲያውም ደህና ነው። ከዚያ ገለጻ ይበልጥ መነጋገሪያ መሆን የነበረበት ሌላው ነጥብ ነው፦ ዘግይተው የገዙት ሰዎች ቀድመው የገዙትን ያህል አይጠቀሙበትም። ይገዛል፤ ለሁለት ሳምንት ቤቱ በሙሉ ይሞክረዋል፤ ከዚያ ቁም ሣጥን ላይ ይወጣል።

«ቪአር ለጌም ደርሷል ወይ?» የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ በልቡ የያዘው የስክሪኑን ጥራት ነው። ስክሪኑ ከሞላ ጎደል ደርሷል። አስቸጋሪ ሆነው የቀሩት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው፣ መነጽሩ ሰውነትን ይጠይቃል፦ መቆም፣ ቦታ መጥረግ፣ ላብ፣ አንዳንዴም ማቅለሽለሽ። ሁለተኛው፣ ይህን ሁሉ ታግሠው ለሚያዘወትሩት ሰዎች ትልቅ ጌም ሠርቶ ወጪውን የሚመልስ ስቱዲዮ እየጠፋ ነው። ሁለቱ አንዱ ሌላውን እየጎተቱ ይሄዳሉ።

ዕቃው ከ2016 ወዲህ

በ2016 ኦኩለስ ሪፍት የተባለው መነጽር 599 ዶላር፣ ኤችቲሲ ቫይቭ የተባለው 799 ዶላር ነበሩ። ሁለቱም ጠንካራ ግራፊክስ ካርድ ያለው ኮምፒውተር ይፈልጋሉ። ቫይቭ እንቅስቃሴን የሚከታተለው በክፍሉ ማዕዘን ከፍ ተደርገው በሚሰቀሉ ሁለት የሌዘር ሳጥኖች አማካይነት ስለነበር ግድግዳ መብሳት፣ ኤሌክትሪክ እስከ ጣሪያ ማድረስ፣ እየተጫወቱም ገመድ እንዳይረግጡ መጠንቀቅ ነበረ። በዚያው ዓመት የወጣው ፕሌይስቴሽን ቪአር በ399 ዶላር ረከስ ቢልም በፊት ለፊት ካሜራ ብቻ ስለሚከታተል፣ ተጫዋቹ ጀርባውን ሲያዞር እጁ ከጌሙ ውስጥ ይጠፋል።

ዛሬ ያ ሁሉ ጣጣ የለም። ካሜራዎቹ መነጽሩ ላይ ናቸው። የመስኮቱን ማዕዘን፣ የምንጣፉን ጥለት፣ የመደርደሪያውን ጠርዝ እንደ ምልክት ይይዛሉ፤ ውስጥ ያለው የእንቅስቃሴ ሴንሰር ደግሞ የጭንቅላትን መዞርና ማዘንበል በሴኮንድ በመቶዎች ጊዜ ይለካል። ከሁለቱ ድምር መነጽሩ ክፍሉ ውስጥ የት እንዳለ በሚሊሜትር ደረጃ ይታወቃል። አሠራሩን ያወቀ ሰው መቼ እንደሚሳሳትም ያውቃል፦ ጨለማ ክፍል ውስጥ፣ ምንም ምልክት በሌለበት ባዶ ነጭ ግድግዳ ፊት፣ ትልቅ መስታወት ባለበት፣ በቀጥታ ፀሐይ ሥር።

ኩዌስት 3 (ኦክቶበር 2023፣ ሲወጣ 499 ዶላር) ለእያንዳንዱ ዓይን 2064 በ2208 ፒክስል አለው። ለሁለቱ ዓይን 9.1 ሚሊዮን መሆኑ ነው፤ ፎርኬ ቴሌቪዥን 8.3 ሚሊዮን አለው። ታዲያ ለምን የቴሌቪዥኑን ያህል ጥርት አይልም? ፒክስሎቹ የሚሸፍኑት ስፋት ነው ልዩነቱ። ባለ 55 ኢንች ፎርኬ ቴሌቪዥን ከሁለት ሜትር ተኩል ርቀት ሲታይ ከዓይናችን አድማስ ወደ 27 ዲግሪ ብቻ ይይዛል፤ በአንድ ዲግሪ ከ100 በላይ ፒክስል ይደርሰዋል። መነጽሩ ግን 110 ዲግሪ ገደማ መሸፈን አለበት፤ ስለዚህ በአንድ ዲግሪ 25 አካባቢ ብቻ ይቀረዋል። ጤናማ ዓይን እስከ 60 ድረስ ይለያል። ኩዌስት 2 ደግሞ 20 ነበር። ሰይፍ ለማወዛወዝና ኳስ ለመምታት 25 ይበቃል፤ ደቃቅ ጽሑፍ ለማንበብ ግን አይበቃም። በቪአር ጌም ውስጥ ፊደሎች ሁሉ የሱቅ ታፔላ የሚያክሉት ለዚህ ነው።

ከፒክስሉ የሚከብደው ጊዜው ነው። በሴኮንድ 90 ምስል ለማሳየት እያንዳንዱ ምስል፣ ያውም ለሁለት ዓይን፣ በ11 ሚሊሴኮንድ ተሠርቶ ማለቅ አለበት። በሴኮንድ 30 ምስል የሚያሳይ የቴሌቪዥን ጌም 33 ሚሊሴኮንድ አለው። ቴሌቪዥን ላይ አንድ ምስል ቢዘገይ «ትንሽ ተንቀጠቀጠ» ተብሎ ይታለፋል። መነጽር ውስጥ ግን ዓለሙ ሁሉ ከጭንቅላት ጋር መዞር ሲገባው ወደ ኋላ ይቀራል፤ ሆድ ወዲያው ያውቀዋል። ስለዚህ ሶፍትዌሩ ምስል ባልደረሰ ቁጥር የቀደመውን ወስዶ በአዲሱ የጭንቅላት አቅጣጫ ልክ ያጠመዝዘዋል። ጥሩ ዘዴ ነው፤ በፍጥነት የሚያልፉ ነገሮች ጠርዝ ላይ ግን ሲንቀጠቀጥ ይታያል።

ይህን ሁሉ የሚሠራው ደግሞ ከስልክ ቺፕ ጋር ዘመድ የሆነ ስናፕድራገን ነው። የኩዌስት 3 ባትሪ ወደ 19 ዋት-ሰዓት ይይዛል፤ ኩባንያው ራሱ እንደሚለው በአማካይ በ2.2 ሰዓት ያልቃል። ቢያካፍሉት ስክሪኑ፣ ካሜራዎቹ፣ ቺፑ፣ ማራገቢያው ሁሉ ተደምረው የሚበሉት 9 ዋት አካባቢ ነው። ፕሌይስቴሽን 5 ከባድ ጌም ላይ 200 ዋት አካባቢ ይወስዳል። «የኩዌስት ጌም ለምን የድሮ ይመስላል?» ለሚለው መልሱ ይህ ክፍልፋይ ነው። ግንባር ላይ ከዚህ በላይ ዋት መጫን ፊትን መጥበስ ነው።

ስለ ሌንስም አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል፤ ገዢዎች ከሁሉ በላይ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነውና። በ2024 በ299 ዶላር የወጣው ኩዌስት 3ኤስ ቺፑ ከኩዌስት 3 ጋር አንድ ነው፤ የሚጫወታቸው ጌሞችም እነዚያው ናቸው። ሌንሱ ግን የኩዌስት 2 ነው፦ ፍሬኔል የሚባለው፣ ፊቱ ላይ ክብ ክብ መስመር ያለው። ፍሬኔል መሐሉ ላይ ብቻ ነው ጥርት የሚለው፤ በጥቁር ላይ ነጭ ጽሑፍ ሲመጣ ደግሞ የብርሃን ጨረር ይረጫል። የኩዌስት 3 ፓንኬክ ሌንስ ብርሃኑን ውስጡ ወዲያ ወዲህ አጥፎ ስለሚያሳልፍ መነጽሩ ቀጭን ይሆናል፣ እስከ ጠርዙም ይጠራል። ዋጋው የብርሃን ብክነት ነው፤ ከስክሪኑ የሚወጣው ብርሃን አብዛኛው ዓይን ሳይደርስ ይቀራል።

ሆድ የሚሰጠው ፍርድ

የዓባይን በረሃ በአውቶቡስ የወረደ ሰው ነገሩን ከማንም በላይ ይረዳዋል። መኪናው ይጠማዘዛል፣ ሰውነት ይወዛወዛል፣ ዓይን ግን የሚያየው የፊት ወንበሩን ጀርባ ነው። የውስጥ ጆሮ «እየሄድን ነው» ይላል፤ ዓይን «ቆመናል» ይላል። ትንሽ ቆይቶ ረዳቱ ፌስታል ያድላል። ቪአር ይህንኑ ገልብጦ ያመጣዋል፦ ዓይን ይሮጣል፣ ሰውነት ቆሟል።

ስለዚህ አንድ የቪአር ጌም ያጥወለውል አያጥወለውል የሚወስነው ዋናው ነገር ተጫዋቹ ከቦታ ቦታ የሚሄድበት መንገድ ነው። ባለበት ቆሞ የሚጫወተው ጌም፣ ለምሳሌ በሙዚቃ ምት የሚመጡትን ሣጥኖች በሁለት ሰይፍ የሚቆርጡበት ቢት ሴበር፣ ማንንም አያሳምምም ለማለት ይቻላል፤ ዓይን የሚያየውና ሰውነት የሚያደርገው አንድ ነው። ቦታ ጠቁሞ ብድግ ብሎ እዚያ መገኘት፣ ቴሌፖርት የሚሉት፣ ሁለተኛ ነው። የከፋው በጆይስቲኩ ላይ ባለው የጣት መግፊያ ለስለስ ብሎ መራመድ ነው፤ ከዚያም የባሰ ሰውነት ሳይዞር በመግፊያው ዓለሙን ማዞር። ጎሪላ ታግ የተባለው ጌም ሌላ መላ አመጣ፦ ለመሮጥ እጅን መሬት ላይ እየደቁ መግፋት፣ ለመውጣት ግንድ መጨበጥ። እጅ በመሥራቱ ብቻ ብዙ ሰው መግፊያው ላይ ከሚሰማው ያነሰ ሕመም ይሰማዋል። ሁሉም ግን አይደለም።

ለጀማሪ የሚሠራው መንገድ ይኸው ነው። የመጀመሪያው ሳምንት በቀን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ፣ ባሉበት ቆመው በሚጫወቱት ጌሞች ብቻ። ከዚያ ወደ ሚራመዱት ሲያልፉ በጌሙ ምርጫ ውስጥ ገብቶ መራመጃውን ቴሌፖርት፣ መዞሪያውን ደግሞ በ30 ወይም በ45 ዲግሪ ቁርጥ ቁርጥ ብሎ የሚዞረው ላይ ማድረግ፤ ሲሄዱ የእይታውን ዳር የሚያጠቁረውን መከለያም ማብራት። ማራገቢያ ከፊት ለፊት ማስቀመጥ ሁለት ጥቅም አለው፦ ሙቀት ይቀንሳል፣ ነፋሱ የሚመጣበት አቅጣጫም ፊትዎ ወዴት እንደዞረ ያስታውሳል። ትልቁ ስሕተት «እለምደዋለሁ» ብሎ መታገል ነው። ግንባር ላይ ቀዝቃዛ ላብ ወይም አፍ ውስጥ ምራቅ ሲሞላ እዚያው ማውለቅ ነው። ከዚያ አልፎ የቆየ ሰው የቀኑን ቀሪ ሰዓት ራሱን ይዞ ይውላል፤ ደጋግሞ ካደረገው መነጽሩን ሲያይ ገና ማቅለሽለሽ ይጀምረዋል። ምንም ቢያደርጉ የማይለምዱ ሰዎችም አሉ። ይህ የጉብዝና ጉዳይ አይደለም።

ዓይንም የራሱ አቤቱታ አለው። በእውኑ ዓለም አንድን ነገር ወደ አፍንጫ ስናቀርብ ሁለት ነገር ይሆናል፦ ዓይኖች ወደ ውስጥ ይዞራሉ፣ የዓይን ሌንስም ትኩረቱን ያቀርባል። መነጽሩ ውስጥ ግን ስክሪኑ በሌንሱ ምክንያት ሁልጊዜ በአንድ ርቀት፣ ከሜትር ትንሽ አለፍ ብሎ ያለ ያህል ነው የሚታየው። ዓይኖቹ ይዞራሉ፤ ትኩረቱ ግን ባለበት መቆየት አለበት። በጌሙ ውስጥ ያነሱትን ወረቀት ፊት ላይ ደቅኖ ማንበብ የሚያደክመው ለዚህ ነው። ክንድ ዘርግቶ ማንበብ ይሻላል። ይህ ችግር ዛሬ በሚሸጡት መነጽሮች ሁሉ፣ 3,499 ዶላር በሆነው በአፕል ቪዥን ፕሮ ጭምር፣ አልተፈታም።

ክብደቱ ሌላ ነው። ኩዌስት 3 515 ግራም፣ ፕሌይስቴሽን ቪአር 2 560 ግራም ናቸው። የብስክሌት ሄልሜት ክብደቱ አናት ላይ ተዘርግቷል፤ የመነጽሩ ግን ፊት ላይ ተንጠልጥሎ አንገትን ወደ ታች ይጎትታል። ከኋላ ባትሪ ያለው ማሰሪያ የሚገዙ ሰዎች ጠቅላላ ክብደቱ ጨምሮ ሳለ «ቀለለኝ» የሚሉት ሚዛኑ ስለተስተካከለ ነው። አፍሮ ወይም ወፍራም ሹሩባ ያላት ሴት ግን ከኋላ ጠንካራ ፕላስቲክ ካለው ማሰሪያ ይልቅ ከሳጥኑ ጋር የሚመጣው የጨርቅ ቀበቶ ይሻላታል። ቪዥን ፕሮ ባትሪውን አውጥቶ ኪስ ውስጥ ከቷል፤ ከዚያም በኋላ 600 ግራም ከፍ ይላል። የጌም ኩባንያው ቫልቭ በኖቬምበር 2025 ያስታወቀው ስቲም ፍሬም የተባለ መነጽር ባትሪውን ከኋላ አድርጎ በድምሩ 440 ግራም ነው። መንገዱ ይህ ይመስለናል። ስክሪን ላይ ፒክስል ከመጨመር 200 ግራም መቀነስ ብዙ ሰው ያቆያል።

ደብዛዛ የሚሆነው ለምንድን ነው

መነጽር ገዝተው «ምስሉ ደብዛዛ ነው» የሚሉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ዕቃው አልተበላሸባቸውም። ሁለት ነገር ብቻ ነው ማስተካከል ያለባቸው።

የመጀመሪያው በሁለቱ የዓይን ብሌኖች መካከል ያለው ርቀት ነው። ለመለካት ከመስታወት 20 ሴንቲሜትር ርቆ መቆም፤ ማስመሪያውን ቅንድብ ላይ አግድም መያዝ፤ ቀኝ ዓይንን ጨፍኖ ዜሮውን በግራው ብሌን መሐል ማድረግ፤ ከዚያ ጭንቅላትም ማስመሪያም ሳይነቃነቅ ግራውን ጨፍኖ በቀኙ ብሌን ላይ ያለውን ሚሊሜትር ማንበብ። ሦስት ጊዜ ለክቶ መካከለኛውን መውሰድ። የአዋቂ ሰው አማካይ 63 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ኩዌስት 3 በመዘውር ቁልፍ ይስተካከላል። ኩዌስት 3ኤስ ግን ያሉት ሦስት ቦታዎች ብቻ ናቸው፦ 58፣ 63 እና 68። ልኩ 54 ወይም 73 የሆነ ሰው 3ኤስ ባይገዛ ይሻላል፤ ዓይኑ ሲጨነቅ፣ ራሱን ሲያመው ነው የሚከርመው።

ሁለተኛው አለባበሱ ነው። ማሰሪያውን አላልቶ መነጽሩን ፊት ላይ ማሳረፍ፤ የኋላውን ቀበቶ ከራስ ቅል ግርጌ፣ ከእብጠቷ ሥር ማስገባት፤ ክብደቱን የሚሸከመው የላይኛው ቀበቶ ስለሆነ መጀመሪያ እሱን መሳብ፤ ከዚያ ጽሑፍ እያዩ መነጽሩን ወደ ላይ ወደ ታች በጥቂት ሚሊሜትር እያንቀሳቀሱ የሚጠራበትን ቦታ መፈለግ። እንዳይወድቅ ብሎ የጎኑን አጥብቆ መሳብ ጉንጭ ላይ ምልክት ያወጣል እንጂ ምስሉን አያጠራም። የዓይን መነጽር የሚያደርግ ሰው ደግሞ በኩዌስት 3 የፊት መደገፊያውን ወደ ውጭ ማውጣት፣ በ3ኤስ ከሳጥኑ ጋር የሚመጣውን ማራቂያ መግጠም አለበት። ያለበለዚያ ብርጭቆ ብርጭቆን ይፍቃል፤ የተፋቀ ሌንስ አይመለስም። ሌንስ የሚጸዳው በደረቅ ማይክሮፋይበር ጨርቅ ነው፤ አልኮል ሽፋኑን ያበላሻል።

ቦታውን በተመለከተ ሜታ እየተንቀሳቀሱ ለሚጫወቱት 2 ሜትር በ2 ሜትር ይመክራል። ከዚህ በላይ ግድ የሚለው ከፍታው ነው፤ ዝቅ ያለ አምፖል እና ወደ ላይ የሚወረወር እጅ አይስማሙም። ጆይስቲኩን በእጅ አንጓ የሚያስረው ማሰሪያ ለጌጥ የተሠራ አይደለም፤ የቴሌቪዥኑ ዋስትና ነው። ጆይስቲኮቹ በማይታይ ብርሃን ትንንሽ መብራቶች ስለሚለዩ የገና ዛፍ ላይ የሚንጠለጠሉት ብልጭ ድርግም ባዮች ካሜራውን ያምታቱበታል። እጅዎ በበዓል ሰሞን በጌሙ ውስጥ መንሳፈፍ ከጀመረ ዛፉን ማጥፋት ነው።

ለማን ነው የሚሠራው?

እስካሁን ያልነው ሁሉ በትዕግሥት ይታለፋል። ሰው የሚታገሠው ግን ለሚወደው ነገር ነው፤ እዚህ ላይ ነው ገበያው የሚያነክሰው።

ቫልቭ በማርች 2020 ሀፍ-ላይፍ፦ አሊክስን አወጣ። ይኸው ዓመታት አልፈው እስከ ዛሬ «ቪአር ምን ማድረግ እንደሚችል ልይ» ለሚል ሰው መጀመሪያ የሚጠቆመው ይኸው ጌም ነው። ለጌሙ ሙገሳ ሊሆን ይችላል፤ ለዘርፉ ግን ክስ ነው። የቫልቭ የኮምፒውተር ጌም መደብር በሆነው በስቲም የወርኃዊ የዕቃ ቆጠራ መነጽር ያላቸው ተጠቃሚዎች ለዓመታት ከመቶ ሁለት አካባቢ ሲዋልሉ ቆይተዋል። ትልቅ ስቱዲዮ ብዙ አሥር ሚሊዮን ዶላር አውጥቶ ከመቶ ለሁለቱ ጌም አይሠራም። የሚሠራው የሚደጉመው ካገኘ ብቻ ነው። ደጓሚው ሜታ ነበር፦ የዘርፉ ክፍሉ ሪያሊቲ ላብስ በ2022 13.7 ቢሊዮን፣ በ2023 16.1 ቢሊዮን፣ በ2024 17.7 ቢሊዮን ዶላር ከሰረ (ከዚህ ውስጥ ብዙው ለስማርት መነጽርና ለወደፊት ምርምር የወጣ ነው፤ ሁሉም የጌም አይደለም)። ድጎማው አሁን እየተቆረጠ ነው። የሜታ ስቱዲዮ የነበረው ሬዲ አት ዶውን በ2024 ተዘጋ። በጃንዋሪ 2026 አርማቸር፣ ሳንዛሩ እና ትዊስትድ ፒክስል ተከተሉት፤ ሳንዛሩ አስጋርድስ ራዝ 2 የተባለውን የቪአር ጌም የሠራው ነው። ሶኒም በበኩሉ ለመጀመሪያው መነጽሩ ጌም ይሠራ የነበረውን የለንደን ስቱዲዮውን በ2024 ዘግቷል።

የሶኒ ነገር ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ፕሌይስቴሽን ቪአር 2 በፌብሩዋሪ 2023 ሲወጣ በዕቃነቱ የሚነቀፍ አልነበረም፦ ኦሌድ ስክሪን፣ የዓይን ክትትል፣ አንድ ገመድ ብቻ። ዋጋው ግን 549.99 ዶላር፣ ከኮንሶሉ ከራሱ በላይ ነበር። የቀድሞውን መነጽር ጌሞችም አይጫወትም፤ በአምስት ሚሊዮን የሚቆጠሩ የቀድሞ ገዢዎች ያከማቹት ሁሉ እዚያው ቀረ። በማርች 2025 ዋጋው ወደ 399.99 ወረደ። ከዚያ በፊት በ59.99 ዶላር ማገናኛ ለኮምፒውተር ቢከፈትም፣ በኮምፒውተር ሲሠራ የዓይን ክትትሉና የመነጽሩ ንዝረት አይሠሩም። የዕቃውን ምርጥ ነገር ቆርጦ መሸጥ ነው።

ገንዘብ ያገኘው ከሌላ አቅጣጫ መጣ። ጎሪላ ታግ በነጻ የሚወርድ፣ ምስሉ የሕፃን ሥዕል የሚመስል፣ ለኮፍያና ለጌጥ ገንዘብ የሚያስከፍል ጌም ነው፤ እስከዚያ ያገኘው ጠቅላላ ገቢ ከ100 ሚሊዮን ዶላር ማለፉን በ2024 አስታውቋል። ተጫዋቾቹ በብዛት ልጆች ናቸው። ይህ ማለት የቪአር «ብዙኃን» ተገኝቷል፤ ዕድሜው 12 ዓመት አካባቢ ሆኖ ነው እንጂ። ትልቅ ሰው በርካቶች የሚጫወቱበትን ጌም ከፍቶ ሲገባ የሚቀበለው የትምህርት ቤት እረፍት ሰዓት ጩኸት ነው፤ ተመልሶ አይመጣም። ለልጅ ለሚገዛ ወላጅ ደግሞ ሜታ ከ10 እስከ 12 ዓመት ላሉት በወላጅ የሚተዳደር መለያ አለው፤ ሶኒ መነጽሩን ከ12 ዓመት በታች አይፈቅድም።

ስለዚህ «ደርሷል» ወይም «አልደረሰም» ብሎ በአንድ ቃል መዝጋት አይቻልም። እንደ ጌሙ ዓይነት ነው የሚታየው። በሙዚቃ ምት የሚጫወቱት፣ ቦክስና የአካል ብቃት፣ የጠረጴዛ ቴኒስ፣ ሚኒ ጎልፍ፦ ደርሰዋል፤ ጠረጴዛ ቴኒሱ እንዲያውም እውነተኛውን ጨዋታ ያሻሽላል። መሪና ፔዳል ላለው የመኪና እሽቅድምድም፣ ለአውሮፕላን በረራ፦ ደርሷል፤ ከዚህ በኋላ ወደ ሞኒተር መመለስ ይከብዳል፣ ጠንካራ ኮምፒውተር ግን ግድ ነው። 60 ሰዓት የሚፈጅ የታሪክ ጌም፣ ሶፋ ላይ ሆነው የሚጫወቱት ኳስ፣ ከጓደኛ ጋር ጎን ለጎን፦ አልደረሰም፤ በዚህ አሥር ዓመት ውስጥም የሚደርስ አይመስለንም።

የመጨረሻውን ለመረዳት አዲስ አበባ ሠፈር ውስጥ ያለ ፕሌይስቴሽን ቤት መግባት በቂ ነው። ሁለት ልጆች ይጫወታሉ፣ ስድስት ቆመው ይተቻሉ፣ ተራ የሚጠብቀው ከተጫዋቹ በላይ ይጮኻል። ጨዋታው ማኅበር ነው። መነጽር ያደረገው ልጅ ግን ለብቻው ነው፤ ሌሎቹ የሚያዩት አየር የሚደበድብ ሰው ነው። ምስሉን ወደ ቴሌቪዥን መላክ ይቻላል፤ በሴኮንድ ክፍልፋይ ዘግይቶ ይደርሳል፣ ለተመልካች ግን ይበቃል። መነጽር ለሚያከራይ ቤት የሚያዋጣው የሙዚቃ ምት ጌሙ ነው፤ አንድ ዘፈን ሦስት ደቂቃ አካባቢ ስለሆነ ሒሳቡ በዘፈን ይቆረጣል፣ አጥወለወለኝ የሚልም የለም። የፊቱን ስፖንጅ ግን በሲሊኮን መሸፈን፣ በየሰዉ መሐል ሲሊኮኑን መጥረግ፣ ሁለተኛ ባትሪ ያለው ማሰሪያ ማዘጋጀት ያስፈልጋል። ስፖንጅ ላብ ከጠጣ በኋላ አይጸዳም።

ከውጭ ለሚያስመጣ

ኢትዮጵያ ሜታ መነጽሩን በይፋ ከሚሸጥባቸው አገሮች ውስጥ የለችም። እዚህ ያለው ዘመድ ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ ይዞት የመጣው ነው፤ ዋስትናውም እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ላኪው ከመነሳቱ በፊት መለያውን ከፍቶ፣ መነጽሩን አዘምኖ፣ ጌሞቹን ገዝቶና አውርዶ ቢጨርስ ይሻላል። መደብሩ ዓለም አቀፍ ካርድ ይፈልጋል፤ ትልልቆቹ ጌሞች ደግሞ በአሥር ጊጋባይቶች የሚቆጠሩ ናቸው። አብሮት የሚመጣው ቻርጀር ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል ትራንስፎርመር አያስፈልገውም፤ የሶኬት ማገናኛ ብቻ።

አንድ የተደበቀ ነገር አለ። አሜሪካ ውስጥ የመብራት ኃይል በሴኮንድ 60 ጊዜ፣ እኛ ጋ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ አምፖሎችም በዚያ እጥፍ፣ ለዓይን በማይታይ ፍጥነት ብልጭ ይላሉ። ካሜራዎቹ በተሳሳተው ቁጥር ከሠሩ ክትትሉ ይንቀጠቀጣል። በመነጽሩ ማስተካከያ ውስጥ የክትትል ፍሪኩዌንሲ የሚለውን ፈልጎ ወደ 50 ኸርዝ ማድረግ ወይም አውቶማቲክ ላይ መተው ነው።

ኮምፒውተር ያለው ሰው ከባዱን ጌም በኮምፒውተሩ አሠርቶ ምስሉን በዋይፋይ ወደ መነጽሩ መላክ ይችላል። ይህ የቤት ውስጥ ግንኙነት ስለሆነ የኢንተርኔቱ ፍጥነት አይመለከተውም፤ ኢንተርኔት ቢቆረጥም ብዙው ይሠራል። ቅድመ ሁኔታው ግን ጥብቅ ነው፦ ኮምፒውተሩ ከራውተሩ ጋር በገመድ፣ ራውተሩ 5 ጊጋኸርዝ ያለው፣ ከተጫዋቹ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ። ኮምፒውተሩም መነጽሩም በዋይፋይ ከሆኑ አንዱ አየር ሁለት ጊዜ ይሻማል፤ ምስሉ የሚቆራረጠውም ከዚህ የተነሳ ነው።

ያገለገለ የሚገዛ ሰው ገንዘብ ሳይከፍል መነጽሩን አብርቶ ነጭ ገጽ ይክፈትና አንድ ዓይን እየጨፈነ በእያንዳንዱ ሌንስ ይመልከት። ቢጫ ወይም ጥቁር ነጠብጣብ ወይም የተጠማዘዘ መስመር ካየ፣ መነጽሩ አንድ ቀን መስኮት አጠገብ ሌንሱ ወደ ላይ ሆኖ ተቀምጧል ማለት ነው፤ ሌንሱ የፀሐይን ብርሃን ሰብስቦ ስክሪኑን አቃጥሎታል። ለዚህ የሚረዝም ጊዜ አያስፈልግም፣ ደቂቃዎች ይበቃሉ፤ ጥገናውም ስክሪን መቀየር ነው። ከዚያ ጆይስቲኮቹን ይዞ ሁለቱንም እጅ ከጀርባ፣ ከራስ በላይ፣ ከጉልበት በታች ያንቀሳቅስ፤ መግፊያውን ለቅቆ ጌሙ ውስጥ በራሱ የሚሄድ መሆን አለመሆኑን ይይ። ሻጩም እዚያው ቆሞ ዕቃውን ከመለያው አውጥቶ ወደ ፋብሪካው ሁኔታ ይመልሰው።